የመጀመሪያው ዕጣ
(በሐዋሳ፣ በቁጠባና ብድር ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ሠርጌ ልነግራችሁ ነው። ያኔ 20 ሆነን በወር 3,000 ብር የምንጥለው ዕቁብ ነበረን። ዳኛውን አስለምኜ፣ ታላቅ ወንድሜን ዋስ ጠርቼ፣ የመጀመሪያውን 60,000 ብር ወሰድኩ። ስቀበለው ያጠራቀምኩት መሰለኝ። የእኔ ግን 3,000ው ብቻ ነበር፤ 57,000ው የ19 ሰው ላብ ነው። ወለድ ስለሌለው ብድር አንለውም እንጂ ብድር ነው።

ቬሎ፣ የሚዜ ልብስ፣ ካሜራ ወሰደው። ፍቅር ሐይቅ ፎቶ ለመነሳት ሁለት መኪና ነበር ያሰብነው። ሰፈር ውስጥ አምስት መኪና ያሰለፈ ሠርግ አየንና እኛም አምስት አልን። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ሠርጉ አማረ፤ የእናቴ እልልታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እሱን አልጸጸትበትም። የሚቆጨኝ ቀጥሎ የመጣው 19 ወር ነው። ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ ዕቁብ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ፤ የሚተርፈው ጤፍ አይገዛም። ልጄ የተወለደችው በዚያ መሃል ነው። አራስ ቤት ሳለሁ ወንድሜ የልጆቹን ደብተር መግዣ አምጥቶ ጣለልኝ።

የመጨረሻው ዕጣ የደረሳት ጓደኛችን ደግሞ የስፌት መኪና ልትገዛ ነበር የምትጠብቀው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ተሻገረ፤ የዕቃ ዋጋም አብሮ ወጣ። ያው 60,000 ብር እጇ ሲገባ የተመኘችውን መኪና አልገዛላትም። የእኔ ሠርግ ቀድሞ የእሷ እንጀራ ኋላ ቀረ። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። የብድር ፎርማችን የሚጠይቀው የዕቃውን ዋጋ ነው። ባጃጅ የሚገዛ ልጅ ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ተሰልፎ የሚያቃጥለውን ቀን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ለሠርግ የሚበደርም ከሠርጉ በኋላ ያሉትን ወሮች አይጽፍም። አንድ መስመር እንጨምር፦ «ክፍያው ሲነሳ በየወሩ ለቤትህ ስንት ብር ይቀራል?» ሰውየው ራሱ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ይሙላው።

ፎርሙን በእጄ ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ጸሐፊው ጋ አለ። አይታችሁ ድምፅ ስጡበት። አመሰግናለሁ።