ትኬቱን ማን ከፈለለት?

የአማቴን ካርቶን ታውቁታላችሁ፤ የዘር ሐረጋቸውን ወረቀት የሚያጠራቅሙበትን። አዎ፣ ያው ነው፤ ሳቁ፣ ባለቤቴም ይስቃል። በመጨረሻ ስኮትላንድ ደረሰላቸው። በፈረንጆች 1650 ዩኒቲ በምትባል መርከብ ወደ ማሳቹሴትስ የተጫነ አንድ ወጣት አገኙ።

እራት በልተን ሳንነሳ የዘር ሐረጉን ለልጄ ዘረጉላት። ልጄ እንደምታውቋት ናት፤ ገንዘብ የሌለበት ወሬ አይጥማትም። «ትኬቱን ማን ከፈለለት?» አለች።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። በናፕኪን ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ተሸጦ ነው የመጣው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉና፣ «እኛም እንደ እናንተ» አሉ።

እንደ ማን?

«እናንተ» ያሉት እኔን ነው? እኔ ዲቪ ደርሶኝ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። ልጄን ነው? ልጄ የእርሳቸውም የልጅ ልጅ ናት። ክፋት ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር፤ የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ግን እጃቸው ሞቅ ያለ ነበር። ሊቀርቡኝ ነው የፈለጉት። እኔም ዝም ብዬ ሰሃን አነሳሁ።

የሰውየውን መከራ ማቃለሌ አይደለም። የእንግሊዙ የጦር መሪ የክሮምዌል ጦር ስኮትላንድ ውስጥ ደንባር ላይ የስኮትላንድን ጦር ከሰበረ በኋላ ምርኮኞቹን በእግር ወደ እንግሊዝ ነዷቸው። ሞርፔዝ የምትባል ከተማ ላይ በግንብ በታጠረ አትክልት ቦታ ሲያሳድሯቸው፣ ረሃብ የጠናባቸው ሰዎች ጥሬ ጎመን ከነሥሩ በሉ። ከዚያ ተቅማጥ ነው። 3,000 ያህሉ ደርሃም ካቴድራል ውስጥ ታጎሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው አለቁ። በፈረንጆች 2013 ከካቴድራሉ አጠገብ ለካፌ ሲቆፈር የአንዳንዶቹ አፅም ወጣ። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ የአንዳንዱን ጥርስ ፒፓ ሸርሽሮት ክብ ክፍተት ትቶበታል። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ሲጋራ ማቆም ያቃተውን ወንድሜን አስታወሰኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ።

ከተረፉት 150 ያህሉ ዩኒቲ ላይ ተጫኑ። እዚህ አሜሪካ ሲደርሱ አንዱ ሰው ከ20 እስከ 30 ፓውንድ ተሸጠ፤ ከፊሉ ሶገስ የብረት ማቅለጫ ገባ፣ ከፊሉ ሜይን ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ። በ1651 የቦስተኑ ሰባኪ ጆን ኮተን ለክሮምዌል በጻፈው ደብዳቤ፣ ለዘለዓለም ባርነት አልተሸጡም፣ ለስድስት፣ ለሰባት ወይም ለስምንት ዓመት እንጂ ብሏል።

ለዘለዓለም የሚሸጥ ሌላ ሰው አለ ማለት ነዋ! አለም። ዲዛየር የምትባለው መርከብ በ1638 አፍሪካውያንን እዚያው ማሳቹሴትስ አራግፋለች፤ በ1641 ደግሞ ሕጉ ለባርነት በር ከፈተ። ስኮትላንዳውያኑ ጊዜያቸውን ሲጨርሱ መሬት የያዙ አሉ፤ መሬቱስ ቢሆን የነባሮቹ ሕዝቦች፣ የአቤናኪዎች ነበር። ይህን ሁሉ በእራት ሰዓት ለአንዲት አሮጊት ልዘርዝር? ሰባት ዓመትም እኮ ለተሸጠው ሰው ሰባት ዓመት ነው።

ደግሞስ እኔ የማን ጠበቃ ነኝ? የእኔ አያቶች በየትኛውም መርከብ አልመጡም። እንዲያውም…

ይህን ማውራቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ ያን ጊዜ ባለትዳር ነበረች። በአያቴ ቤት እንጨት የሚፈልጡ፣ ከጓዳ ወዲህ ብዙ የማይሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ማን ናቸው ስል «ቤተሰብ ናቸው» ይሉኛል። የማን ልጅ ናቸው? «ቤተሰብ ናቸው አልኩሽ።» በእኛ የዘር ቆጠራ ውስጥ ስማቸው የለም።

እናቴ ታውቃለች። ስደውልላት ግን ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን፣ ስለ ጉልበቷ እናወራለን፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ብትነግረኝስ ምን አደርገዋለሁ? ለአማቴ ልነግራቸው ነው? ወይስ ለልጄ… እኔ እንጃ። ምናልባት እሑድ ስደውል፣ ጉልበቷ ከተሻላት…