ባትሪው ነው ወይስ ሶፍትዌሩ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስልካችሁን ሳታወጡ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን ባትሪያችሁ ስንት ፐርሰንት ላይ ነው? አያችሁ፣ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለ። እኔም ከእናንተው ነኝ። የልጄን የጫማ ቁጥር ሰው ጠይቄ ነው የማውቀው፣ የስልኬን ፐርሰንት ግን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ደጋግሜ ስለሠራሁት አንድ ስህተት ነው። ዕቃ ሲያስቸግረኝ ሁልጊዜ የምከሰው ንጹሑን ነው። ባትሪው ሲያጠፋ ሶፍትዌሩን እወቅሳለሁ። ሶፍትዌሩ ሲያጠፋ ደግሞ ባትሪ እቀይራለሁ።

በላፕቶፑ ልጀምር።

አንድ ቀን የላፕቶፔ ታችፓድ አልጫን አለኝ። መጀመሪያ በግራ በኩል ጠጠር አለ። በሳምንቱ ጭራሽ እንቢ አለ። የማውዟ ቀስትም ሳልነካት ብቻዋን ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ራሴን ባለሙያ አድርጌ የማይ ሰው ነኝ። «ድራይቨር ነው» አልኩ፤ ታችፓዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ማለቴ ነው። አጥፍቼ መልሼ ጫንኩት። ወፍ የለም። ሴቲንጉን አንድ በአንድ በረበርኩ። አዲሱ አፕዴት ነው ያበላሸው ብዬ እሱንም አነሳሁት። በመጨረሻ ፋይሎቼን ሁሉ ገልብጬ ላፕቶፑን ፎርማት አደረግኩት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሲያልቅ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ስክሪን መጣ። ቀስቷ አሁንም ብቻዋን እየሄደች ነው።

ተበሳጭቼ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረግኩት። ተወዛወዘ። አንድ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ወዲህና ወዲያ አለ። ጎንበስ ብዬ በጎን ሳየው ሆዱ ወጥቷል። ብሎኖቹን ፈትቼ ከፈትኩት። ባትሪው ሦስት ጠፍጣፋ ከረጢቶች ነው፤ የመሃለኛው እንደ ትራስ ተነፍቷል። ከእሱ በላይ ምን አለ? ታችፓዱ! ባትሪው ከሥር ሽቅብ እየገፋው፣ እኔ ከላይ በድራይቨር እየታገልኩ ነበር።

ለምን አበጠ? ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ በዕድሜ፣ በሙቀት ወይም ከልክ በላይ በመሞላት ሲበላሽ ጋዝ ያወጣል። ከረጢቱ ጥርቅም ብሎ የታሸገ ስለሆነ ጋዙ መውጫ አያገኝም። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅም አይደረግም። «ጋዙን ላስተንፍሰው» ብሎ በመርፌ መብሳት እሳት መለኮስ ነው። ዕቃውን አጥፉትና ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁለት ሌሊት አላባክንም። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ዲስክ አስነስቼ ታችፓዱን እሞክረዋለሁ። እዚያም ካልሠራ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ ተምሬያለሁ ብዬ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ስልኬ ጀመረው። ማታ 90 ላይ ትቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት 50 ሆኖ ይጠብቀኛል። ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው! አሁንማ ነቅቻለሁ፣ «ባትሪው ነው» አልኩ። አዲስ ባትሪ አስገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት አየሁት፦ 52። ሁለት ፐርሰንት ገዛሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ቦታ ያየሁት። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚል ገጽ አለ። የትኛው አፕ ስንት እንደበላ ይዘረዝራል። አናቱ ላይ የተቀመጠው የኢሜይል አፑ ነበር። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የአንድ የቆየ አካውንቴን ፓስወርድ ኮምፒውተር ላይ ቀይሬ ነበር፣ ስልኩ ላይ ግን ረስቼዋለሁ። ምስኪኑ አፕ ሌሊቱን ሙሉ በር ያንኳኳል። «ክፈቱልኝ።» «ፓስወርዱ ልክ አይደለም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ባንኳኳ ቁጥር ስልኩ ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ኔትወርኩንም ይቀሰቅሳል። ፓስወርዱን አስገባሁለት። በማግስቱ ጠዋት 87። ያስወጣሁት ባትሪ ምንም አልሆነም ነበር፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ።

አሁን ስለዚያ ፐርሰንት እናውራ። ብዙ ሰው ባትሪን እንደ በርሜል ውሃ ያስበዋል። እንጨት ነክረህ እዚህ ድረስ አለ የምትለው ዓይነት። ባትሪ ውስጥ ግን እንጨት የሚነከርበት ቦታ የለም። ስልኩ ማወቅ የሚችለው ቮልቴጁን፣ የገባና የወጣውን ከረንት፣ ሙቀቱንም ነው። ከእነዚህ ተነስቶ ያሰላል። ስለዚህ 30 ፐርሰንት የሚለው ቁጥር የሶፍትዌር ግምት ነው። ደህና ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። ስሌቱን የሚያከብደው የባትሪው ጠባይ ነው። የተለመደው የስልክ ባትሪ፣ ሊቲየም አዮን የሚባለው፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ረጅሙን መንገድ 3.7 አካባቢ ሆኖ በዝግታ ይጓዛል። መጨረሻው ላይ ገደል ይገባል። ሜዳው ላይ እያለህ የት እንደደረስክ ማወቅ ይከብዳል።

ፎቶ ለማንሳት ካሜራ ከፍታችሁ፣ ፍላሹ ሊበራ ሲል ስልካችሁ 30 ፐርሰንት ላይ ድርግም ያለባችሁ አላችሁ? ያው ነው ነገሩ። ካሜራና ፍላሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ይጠይቃሉ። ባትሪ ሲያረጅ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ከረንቱን የሚያግደው ነገር፣ ስለሚጨምር፣ በድንገት ሲጎተት ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወድቃል። ስልኩም ይዘጋል። ብርድ ሲሆን ይብሳል። ቻርጀር ላይ ስትሰኩት ምንም እንዳልተፈጠረ «25» ብሎ ይነሳል።

በዚህ የተነሳ ትልልቆቹም ተነታርከዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አፕል ባትሪያቸው የደከመ አንዳንድ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ምክንያቱ አሁን የነገርኳችሁ ነው። ስልኩ በድንገት እንዳይዘጋ ፕሮሰሰሩን ረጋ ማድረግ። ሰዉ ግን «አዲስ ስልክ ሊያስገዙን ነው» ብሎ ጠርጥሯል። አይፈረድበትም። ባትሪ ሲቀየርላቸው ተመልሰው የፈጠኑ ስልኮች ነበሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዘዴው እንደ መሐንዲስ ሲታይ ትክክል ነው። ጥፋቱ መደበቁ ነው። «ባትሪህ ደክሟል» የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2018፣ የባትሪውን ጤና የሚያሳይ ገጽ ጨመሩ።

ቀጥሎ የማጫውታችሁን ከሁሉም እወዳታለሁ። አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ነበረኝ። ለወራት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አበራሁት። የትኛውም ድረ ገጽ አልከፍት አለኝ። ሁሉም «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ኢንተርኔቱን ጠረጠርኩ። አንቲቫይረሱን ዘጋሁ። ብሮውዘር ቀየርኩ። ለካ መልሱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው። ቀኑ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል! ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፊኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው። ኮምፒውተሬ ገና ያልተወለደ መታወቂያ አልቀበልም እያለ ነበር። ከእሱ ቦታ ሆናችሁ ስታስቡት ልክ ነው።

ቀኑን አስተካከልኩ። ማታ ከሶኬት ነቀልኩት፣ ጠዋት ተመልሶ እዚያው። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 የምትባለው። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቁጥሯም ልኳ ነው። 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። ባለ 3 ቮልት ናት። እሷ ሞታ እኔ ከኢንተርኔቱ ጋር ተጣልቻለሁ።

ፓወር ባንክንም በከንቱ እንወቅሳለን። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው በውስጡ ባለው ሴል 3.7 ቮልት የተሰላ ነው። በ5 ቮልት ሲወጣ ያው ጉልበት 7,400 ይሆናል፣ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። «ተበላሁ» ከማለት በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ማንበብ ነው።

የወረስናቸው ምክሮችም አሉ። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ።» «ዜሮ ሳይገባ እንዳትሰኩት።» ዜሮ ይግባ የሚለው በዘመኑ ውሸት አልነበረም፤ የተነገረው ለድሮው፣ ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። ሶኒ ሊቲየም አዮንን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ባትሪው ተለወጠ፣ ምክሩ ቀረ። ሊቲየም ዜሮ መግባት አይወድም። ጢም ብሎ ሞልቶ ሙቀት ውስጥ መቀመጥንም ይጠላል። ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ሙላቱንም ሙቀቱንም አንድ ላይ መስጠት ነው። በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ባትሪ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት ጆን ጉድኢናፍ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2019፣ በ97 ዓመታቸው ነው። የስልኬ ባትሪ ግን ሦስት ዓመት ሲሞላው ያለከልካል።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ እኔም አበዛሁት። ከ80 እንዳያልፍ ሌሊት አላርም ሞልቼ እየተነሳሁ ቻርጀሩን እነቅል ነበር። ለአንድ ወር ያህል። ባትሪው ሳያረጅ እኔ አረጀሁ። አሁን ብዙ ስልኮች 80 ላይ ራሱ የሚያቆም ሴቲንግ አላቸው። እሱን አብርቼ ተኛሁ።

ሰዓቴን ጨረስኩ መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ያስቸገረው ዕቃ ይዞ የመጣ ካለም ከዚህ በኋላ እዚሁ ነኝ፣ ብሎን መፍቻ ይዣለሁ። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝበት ሰው ግን አደራ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ዕቃውን አጥፍቶ ይምጣ። በጣቱም ጫን ጫን እያደረገ እንዳይሞክረው።