ቀለሜ ነኝ፣ ደግሞም ዶሮ ትሾማለች

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። ከጀርባ የሚሰማችሁ ዝናቡ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ሁለት ፍቅሮቼ ላውራችሁ። አንዱ ቀለሜነት ነው። ሌላው ደግሞ ትርጉም የለሽ የሚመስል ቀልድ፣ ሰው ሰምቶት «ምን ማለት ነው ይሄ?» የሚለው ዓይነት። ብዙ ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም። ቀለሜ ሲባል መጽሐፍ ላይ የተደፋ ኮስታራ ልጅ ይታየዋል። ቀልደኛ ሲባል ደግሞ ከኋላ ወንበር የሚረብሽ። ለእኔ ግን ሥራቸው አንድ ነው። አንድ ሕግ ትይዛለህ፣ ሰው እስኪገረም ድረስ ትከተለዋለህ፣ የት እንደሚያደርስህ ታያለህ።

እንካ ስላንቲያን አስቡት። ልጆች ሆነን መብራት ሲጠፋ የምንጫወተው እሱን ነበር።

«እንካ ስላንቲያ!»
«በምንቲያ?»
«በቡና!»
«ምን አለህ በቡና?»
«የጎረቤት ዶሮ ተሾመችና፣ ደሞዝ አነሰኝ አለች ትናንትና!»

ዶሮ አትሾምም፣ ይታወቃል። ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ቤት መምታት አለበት። ቤት ከመታ የዶሮዋ ሹመት ይጸናል። ካልመታ ግን የዓለምን እውነት ብትናገር ተሸንፈሃል። ይሄ ከሒሳብ በምን ይለያል? ኦሮምኛ የሚቀናቸው የሰፈር ልጆች ደግሞ «ሂቦ» ብለው እንቆቅልሻቸውን ያመጡ ነበር። ማታው እንደዚያ ያልቃል።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ደግሞ ተመልከቱ። ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን፣ የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚህ በላይ ቀለሜ ከየት ይመጣል? እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ በአገራችን የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት። ርዕሱም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። መድረኩ ላይ አውሬዎች ይናገራሉ። ተራ ቧልት እንዳይመስላችሁ። የጊዜውን አስተዳደር ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድፍ የሚያውቅ ሰው ሹማምንቱን የነካው በአውሬ አፍ ነው። ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ልውሰዳችሁ።

የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ትማራለች። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስጠናታለሁ። ባለፈው ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ አዝዘን፣ ላፕቶፕ ከፍተን ተቀምጠናል። ከመማሪያው ምሳሌ እየገለበጠች ቀና አለችና «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ስፓምና እንቁላል እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ስጠብቀው ኖሬያለሁ!

ቋንቋው ስሙን ያገኘው ከእባብ አይደለም። ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለው ሆላንዳዊ በፈረንጆቹ 1991 ሲያወጣው፣ ስሙን የወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት ቀልደኞች ነው። ስድስት ሰዎች ናቸው፤ በ1969 በቢቢሲ ጀመሩ። አንዱ ጭውውታቸው እንዲህ ነው። ባልና ሚስት ምግብ ቤት ይገባሉ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ምግብ ከሞላ ጎደል ስፓም አለበት፤ ስፓም ማለት የታሸገ የአሳማ ሥጋ ነው። ሚስትየዋ ስፓም የሌለበት ትፈልጋለች። አስተናጋጇ ነገሩ ፈጽሞ አይገባትም። ጥግ ላይ ደግሞ ቫይኪንጎች፣ የጥንቶቹ የባሕር ወራሪዎች፣ ተቀምጠው «ስፓም፣ ስፓም» እያሉ ይዘፍናሉ። ጨዋታ አይሰማም።

«በጾም ሽሮ ስትጠይቅ ‹በቅቤ ነው ያለው› እንደሚሉህ ማለት ነው?» አለችኝ። በትክክል! ኢሜይላችንን የሚያጨናንቀው መልእክት ስፓም የተባለውም ከዚህ ነው። ልክ እንደ ቫይኪንጎቹ ዘፈን ሌላውን ወሬ ሁሉ ይውጠዋል።

አንድ ልጨምር፤ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ፓይተን የትእዛዝ ክፍሎችን የሚለየው ከመስመሩ መጀመሪያ በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ብዙ ሌሎች ቋንቋዎች ጥምዝ ቅንፍ ይጠቀማሉ። ታዲያ ፓይተንን «ወደፊት ከሚመጣው ነገር ቅንፍ አምጣልኝ» ብላችሁ ብታዙት፣ «አታስቡት» የሚል የስህተት መልእክት ይመልሳል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ይሄን ቀልድ ዓለም በሚሠራበት መሣሪያ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ ለዚያ ሰው ክብር አለኝ።

ልጅቷም ዝም አላለችም። ፓይተን 3 ቁጥር ለምናስቀምጥበት ስም የእኛን ፊደል ይቀበላል። «የዶሮ_ደሞዝ» ብላ ጻፈች፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ሠራ። ከዚያ በሁለት አባዛችው። አስተናጋጁ መጥቶ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀን። ነገርነው። እሱም ቆሞ ደሞዙ ስንት እንደገባ አየ።

ትምህርት ቤት እያለሁ ቀለሜ መባል እንደ ስድብ ነበር። ኳስ የሚችል ይወደዳል፣ መጽሐፍ የሚወድ ይፎገራል። ብዙ ጓደኞቼ የሚወዱትን ነገር ደብቀው አደጉ። ኮከብ የሚቆጥር ልጅ ነበር፤ የመኪና ታርጋ የሚሸመድድ ነበር፤ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች በቃሉ የሚወጣ ነበር። አለቃ ራሳቸው እኮ አቋቋምና መጻሕፍት ያወቁ ትልቅ ሊቅ ነበሩ! ያን ቀልድ ያመጣላቸው እውቀቱ ነው። ቅኔ የማያውቅ ሰው ሰምና ወርቅ አድርጎ ሊያስቅ አይችልም።

እና ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ እባካችሁ «ምን ይረባሃል?» አትበሉት። «እስቲ ንገረኝ» በሉት። ግማሽ ሰዓት ሊወስድባችሁ ይችላል፤ ስጡት። እናንተም በሠላሳም በሃምሳም ዓመታችሁ የተዋችሁት ነገር ካለ መልሳችሁ አንሱት። ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም።

ለሚቀጥለው ዝግጅት እንካ ስላንቲያ በድምፅ ላኩልኝ። በአማርኛ ይሁን፣ ሂቦም ካላችሁ በኦሮምኛ ደስ ይለኛል። ቤት ካልመታ አላሰማም። «በበርጩማ» ብሎ የሚጀምር ካለ ደግሞ ቅድሚያ እሰጠዋለሁ፤ የጅማ ልጅ ነኝና።