ሁለት ወረቀት ለአንድ ድስት

የተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደርና የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከዩኒቨርሲቲያችን የመጣችሁ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የተጠራሁት ከጡት ማጥባት ጀምሮ እስከ አረጋውያን አመጋገብ ድረስ ያለውን ሁሉ እንድዳስስ ነው። እሞክራለሁ። ነገር ግን ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ያሳለፍሁ ነርስ ነኝና፣ በልቤ የከረመውን አንድ ጉዳይ ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። የምግብን ነገር የተማረ ባለሙያ ከሆስፒታል አጥር ወጥቶ ወደ ሰፈራችን ይምጣልን። ለአዋቂውም ለሕፃኑም።

ጅማችንን ታውቋታላችሁ። ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ማሩ፣ ጎደሬውና በቆሎው መሬቱን ሞልቶት ያያል። ከገበያው ጥቂት ወረድ ብሎ ባለ ቤት ግን ሁለት ዓመት የሞላው ሕፃን የአንድ ዓመት ልጅ ያህላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት መካከል በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ጋ ዝናቡም አለ፣ መሬቱም ያበቅላል። ግን እንቁላሉ ለጨውና ለሳሙና ይሸጣል፣ አቮካዶው በነጋዴ መኪና ይጫናል፣ ለልጁ የሚቀርበው የቀጠነ የበቆሎ አጥሚት ነው።

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ቢሺሼ ሰፈር ነው፤ ስም አልጠራም፣ ጎረቤቶቻቸው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም። እናትየዋ ስድሳን ያለፉ፣ የስኳር ሕመም ተገኝቶባቸው የደም ስኳር የሚያወርደውን የኢንሱሊን መርፌ የጀመሩ ናቸው። ከታከሙበት ቦታ ሲወጡ አንድ ወረቀት ተሰጣቸው፦ ስኳር ይተዉ፣ ቅባት ይተዉ፣ እንጀራ ይቀንሱ። በቃ፣ ይኸው ነው። እሳቸውም የሐኪም ቃል የሚያከብሩ ሴት ናቸውና ሁሉንም ተዉት፤ እንጀራውንም፣ ቆጮውንም፣ ጎደሬውንም። ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው፣ በባዶ ሆዳቸው ቡና ጠጥተው እስከ ቀትር ይቆያሉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጃቸው ጮኻ ጠራችኝ። ስገባ ነጠላቸው በላብ ርሷል፣ ሲኒው በእጃቸው ላይ ይንቀጫቀጫል፣ አንደበታቸው ተሳስሯል። የደማቸው ስኳር ወርዶ ነው። ስኳር በጥብጬ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ፊታቸውን አዞሩ። «ልጄ፣ ይህ ለእኔ ተከልክሏል» አሉኝ። በዚያች ሰዓት ነፍሳቸውን የሚያተርፈውን ነገር፣ ምክር አክባሪ ስለሆኑ ብቻ አልጠጣም አሉ! በስንት ልመና ነው የጠጡት።

መለስ ሲልላቸው ዞር ብዬ አየሁ። የልጅ ልጃቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ክንዱን ስለካው ሪባኑ ቢጫው ላይ ቆመ፤ ከ11.5 በላይ፣ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች፤ መጠነኛ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። እናቱም ከሌላ ቦታ የተሰጣት የራሷ ወረቀት አላት፦ ለልጁ የተመጣጠነ ምግብ ስጪ። ሁለት ወረቀት፣ አንድ ድስት! አያቲቱ ቅባት ተከልክለዋልና ዘይት ከቤቱ ወጥቷል፤ ዘይት የሚያስፈልገው ሕፃንም አብሮ ተከልክሏል። ሁለቱን ወረቀቶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ አንድም ባለሙያ አልነበረም።

የተመጣጠነ ምግብ! ይህን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ምኑ ከምን ጋር ይመጠን? በየትኛው ገንዘብ? መድኃኒት ስናዝዝ መጠኑንም ሰዓቱንም እንጽፋለን። ሰው ዕድሜ ልኩን፣ በየቀኑ የሚወስደውን ምግብ ግን በአንድ ሐረግ እንሸኘዋለን። ይህ አገልግሎት ሊባል አይገባውም!

በኋላ እዚያ ቤት አንዲት ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ ገባች። ዱካ ስባ ተቀመጠችና ጠየቀች። ማን ያበስላል? ማን ቀድሞ ይበላል? ወፍጮ ቤት የምትሄዱት መቼ ነው? መርፌው በስንት ሰዓት ነው? ለአያቲቱ እንጀራውን መለሰችላቸው፤ መጠኑን ትሪው ላይ ቆርሳ አሳየቻቸው፣ ከጎመንና ከምስር ጋር እንዲሆን አደረገች። መርፌ ተወግተው ሳይበሉ እንዳይቆዩ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ ስኳር መድኃኒታቸው እንደሆነ እስኪገባቸው ድረስ ደጋግማ ነገረቻቸው። ሕፃኑን ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ላከችው። እህሉ ሲፈጭ በሦስት እጅ በቆሎ ላይ አንድ እጅ ባቄላ አስጨመረች። አጥሚቱ ወፈረ፤ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ የማይፈስ ሆነ፣ ዘይትም ጠብ ተደረገበት። ከሚሸጠው እንቁላል ለልጁ እንዲቀርለት ከእናቱ ጋር ተስማማች። በዚያ ቤት አዲስ የተገዛው ነገር ዘይት ብቻ ነበር።

ይህ ሙያ ነው። ነርስ ክትባትና ወሊድ ላይ እየዋለች ደርባ የምትሠራው አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችንም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የተሸከሙት ይበቃቸዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብና ዳይቴቲክስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ባለሙያው እዚሁ በዓይናችን ሥር ይሠለጥናል። ተማሪዎቹ በየሰፈሩ ለልምምድ ይመጣሉ፣ መጠይቅ ያስሞላሉ፣ ያስተምሩናል፣ ይሄዳሉ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን የስኳር ሕመም የልምምድ ጊዜ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም!

ጾሙንም አስቡት። ረመዳን ሲገባ መርፌውን ተወግቶ የሚጾም አለ፣ ጾሙን ብሎ መርፌውን የሚተው አለ፤ ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው። በዐቢይ ጾም ዕቃ እንዳይነካብኝ ብላ ለሕፃኗ እንቁላልና ወተት የምታቋርጥ እናት አለች። ልጁ የጾም ግዴታ የለበትም፤ ለእሱ ተለይታ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ድስት ነገሩን ትፈታዋለች። ይህን ከሼኾቹና ከቀሳውስቱ ጋር ተቀምጦ የሚመክር፣ የሰፈሩን ሰው በስም የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገናል።

ሌላም እንድናገር ተጽፎልኛል። እርጉዞች፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ የደም ማነስ የሚከላከለውን የብረት ማዕድን ሰውነታችሁ እንዳያገኝ ያደርጋሉ። ጨው አዮዲን ያለበትን ግዙ፣ ከድናችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። አረጋውያንን በተመለከተ ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ሐኪም ያብራሩታል።

ወደ ኃላፊዎቻችን ልመለስ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸመው በየማድ ቤቱ ነው። የምንጠይቀው በየጤና ጣቢያው ለአንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሥራ መደብ እንዲከፈት፣ ባለሙያውም ከሳምንቱ ቀናት ከፊሉን በየሰፈሩና በየወፍጮ ቤቱ እንዲውል ነው። ሚዛን፣ የቁመት መለኪያና አብስሎ ማሳያ ምድጃ ይሰጠው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። መደቡ ከዚያ በፊት ይጻፍ፤ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚጀመርም ዛሬ፣ እኛው ባለንበት፣ ከእናንተ አንዳችሁ ተነስታችሁ ንገሩን።

አመሰግናለሁ።