የሌሊቱም ሰዓት ሰዓት ነው

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለአዲስ ሆም ኸልዝ ኤይድ (በየቤቱ ሕሙማንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች) ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ልጅ ይዛችሁ ክፍል የመጣችሁ እናቶች፣ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ ሳትተኙ የተማራችሁ ወንድሞች፣ ዛሬ ቀኑ የእናንተ ነው። እኔም ከ14 ዓመት በፊት ይህንኑ ሰርተፊኬት ይዤ አልቅሻለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራው ኃላፊነት ተናገሪ አሉኝ። ሥራውን ተምራችኋል። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለሚከፍለው ኤጀንሲ ለመሥራት የፌዴራሉ ደንብ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። እናንተ ጨርሳችሁታል። የቀረውን ታካሚው ያስተምራችኋል።

የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ስትሮክ የመታቸው የ88 ዓመት እናት ነበሩ። ግራ እጃቸው አይታዘዝም። ስናለብስ የደከመውን እጅ እናስቀድማለን፣ ስናወልቅ ጤነኛውን። ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። ቤታቸው ስደርስ ግን ቸኮልኩና ገለበጥኩት። ሴትዮዋ አልጮሁም። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጥርሳቸውን ነከሱ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ እጅጌ ለማስገባት ቸኩዬ አላውቅም። የገላ ውሃ በራሴ አንጓ ሳልሞክር አላፈስም። ሳገላብጥ ወገባቸውን አያለሁ። ቆዳው ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። ያኔውኑ ለነርሷ ይነገራል። ነገ አይባልም።

ይህን ሥራ ነው "ዳይፐር መቀየር" ብለው የሚያናንቁብን። ከሁሉ በፊት ያናናቅነው ደግሞ እኛው ነን። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ለእናቴ "ሆስፒታል ነው የምሠራው" ስላት ኖርኩ። እሷም ለጎረቤት "ልጄ ነርስ ናት" ትላለች። አንድ ቀን ስልክ ላይ አመለጠኝና እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። አፈረችብኝ ብዬ ልቤ ቆመ። ከዚያ "በየስንት ሰዓቱ ነው የምታገላብጫቸው?" አለችኝ። በየሁለት ሰዓቱ አልኳት። "ጎሽ! እኔም አባቴን እንደዚያ ነበር የማገላብጠው፤ ሲሞት ገላው ላይ አንድ ቁስል አልነበረም" አለች። ሰባት ዓመት የደበቅኩት የገዛ እናቴን ሙያ ኖሯል!

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በሥራው የሚያፍር ሰው ሒሳቡን አይጠይቅም። "ዝም አይነቅዝም" እየተባልን አድገናል። በዚህ ሥራ ግን የነቀዘው ዝምታችን ነው።

ሊቭ ኢን እሠራ ነበር፣ ታካሚው ቤት እያደርኩ፣ 24 ሰዓት። ታካሚዬ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ቀን ጨዋ ናቸው፣ ሲመሽ ይረበሻሉ። ሌሊት ተነሥተው በሩን ይፈታተናሉ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የሞቱትን ባለቤታቸውን ይጠራሉ። እኔም እነሣለሁ። አባብዬ፣ ሽንት ቤት ወስጄ አስተኛቸዋለሁ። ደመወዝ ሲመጣ የሚከፈለኝ 16 ሰዓት ነው። ስምንቱ "እንቅልፍ" ተብሎ ተቆርጧል። የምን እንቅልፍ? ትንሽ ደብተር ገዛሁ። የአንዱን ሌሊት ላንብብላችሁ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው። 11:40 ተነሡ። 1:15 ተነሡ። 2:50 አልጋ ረጥቦ ቀየርኩ። 4:20 በሩ ላይ አገኘኋቸው። 5:05 ተነሡ፣ ከዚያ በኋላ አልተኙም። ኤጀንሲው ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ "የእናንተ ሰዎች እኮ አያማርሩም ነበር" አለችኝ።

አዎ! አናማርርም ነበር። አሁን እናማርራለን!

ሕጉን ስሙኝ። 24 ሰዓት ስትሠሩ ለእንቅልፍ እስከ 8 ሰዓት ሊቀነስ የሚችለው አስቀድማችሁ ከተስማማችሁና በቂ መኝታ ካላችሁ ነው። ታካሚው ከቀሰቀሳችሁ የተነሣችሁበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው። 5 ሰዓት እንኳ መተኛት ካልቻላችሁ ደግሞ ሌሊቱ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው። እኔ ደብተሬን ይዤ ሦስት ወር ተመላለስኩ። ተከፈለኝ። እንደ ችሮታ አልተቀበልኩትም፣ ላቤ ነው።

ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። ወይዘሮ ኤቭሊን ኮክ የሚባሉ ከጃማይካ የመጡ ሴት ነበሩ። ኒውዮርክ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሽተኛ ሲያነሡ ኖሩ። ኦቨርታይም አልተከፈለኝም ብለው ከሰሱ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ዘጠኙም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ፈረዱባቸው። በ1975 የወጣ ደንብ እንዲህ ያለውን ሥራ "አብሮ መዋል" ብሎ ከኦቨርታይም ሕጉ አውጥቶት ነበርና። በ2009 አረፉ። ደንቡ የተለወጠው በ2013 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2015። እሳቸው አላዩትም። እኛ ግን እየበላንበት ነው። በ2025 ጁላይ ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ወደ 1975ቱ እንመለስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አብሮ መዋል! ሰው ተሸክሞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር አብሮ መዋል ነው? ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንሶላ መቀየር አብሮ መዋል ነው? ያንን ያለ ሰው አንድ ሌሊት፣ አንድ ሌሊት ብቻ ከእኛ ጋር ይዋል!

ሌላም ነገር ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄደ። ወገባችሁን ጠብቁ፣ ብቻችሁን አታንሡ። በአንድ ቀን ለአንድ ኤጀንሲ ከታካሚ ወደ ታካሚ ስትሄዱ የመንገዱም ጊዜ ይከፈላል። ኬር ፕላኑ ላይ፣ የታካሚው የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ፣ የሌለ ሥራ ሲያዙአችሁ ነርሷን ጠይቁ።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሮች አሉ፣ ኪስ የሚገቡ። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ፤ እስክሪብቶም አለው። ሰኞ ሥራ የምትጀምሩት ከዚያው ሌሊት ጀምሩበት። አመሰግናለሁ።