የደመወዝ ወረቀታችሁን እስከ ታች አንብቡት

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። በዚህ ብርድ ከየሰፈራችሁ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚሁ ስቶክሆልም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየዓመቱ ሜይ 2 ሲቃረብ፣ ግብር የማሳወቂያው ቀን ማለት ነው፣ ስልኬ አያርፍም። «ልጄ፣ እስኪ ይኼን እየው፤ መፈረም ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?» ይሉኛል እናቶች። ቅጹ አብዛኛው ተሞልቶ ነው የሚመጣው። ስልክ ላይ ነካ አድርጎ ማጽደቅ ይቻላል። ቀላል መሆኑ ደስ ይላል። ግን በዚህ ቅለት የተነሳ ምን ያህል እንደምንከፍል ማየት ትተናል።

ዛሬ አንድ የደመወዝ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ቢሮ የምታጸዳ አንዲት እህታችን ናት የሰጠችኝ። ለእናንተ እንዳሳይ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ሸፍኜዋለሁ። ላይ 30,000 ክሮነር ይላል። ከግብር በኋላ እጇ የገባው ወደ 24,000 ገደማ ነው። «ስድስት ሺውን ወሰዱብኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታች ወርጄ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መስመር አሳየኋት። አሠሪዋ በደመወዟ ላይ ጨምሮ ለመንግሥት የሚከፍለው መዋጮ ነው፤ 31.42 በመቶ። በ30,000 ላይ 9,426 ክሮነር ይሆናል። እንግዲህ አሠሪው ለእሷ ጉልበት በወር ያወጣው 39,426 ነው። እሷ ጋ የደረሰው 24,000። ከዚያ ላይ ለልጇ ጫማ ስትገዛ 25 በመቶ ቫት ይጠብቃታል።

ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። «ይኼ ሁሉ የኔ ላብ ነው?» አለች።

አዎ፣ የእሷ ላብ ነው።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው እጅ በእጅ መቀበል ይሻላላ!» እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ። የቅርብ ወዳጄ ስምንት ዓመት አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ በጥቁር፣ ማለትም ሳይመዘገብና ግብር ሳይከፈልበት፣ ሠርቷል። ብሩን በየሳምንቱ በፖስታ ይቀበል ነበር። ወገቡ ሲጎዳ የሕመም አበል ጠየቀ። መዝገብ ላይ ገቢ የለውም። ያ ሁሉ ድስት ያነሳ ሰው በወረቀት ሲታይ ስምንት ዓመት ተቀምጦ የበላ ነው። አሠሪው ደግሞ «አላውቀውም» አለ። በየዓመቱ ቤታችን የሚመጣውን ብርቱካናማ የጡረታ ፖስታ ታውቁታላችሁ፤ የሱን አብረን ከፈትነው። ሁለታችንም የምንናገረው ጠፋን።

ከምታሳውቁት ገቢ 18.5 በመቶው በስማችሁ ለጡረታ ይቀመጣል። መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ለነበራቸው የሚሰጠው ዋስትና ጡረታ ሙሉ የሚሆነው 40 ዓመት እዚህ ለኖረ ነው። ብዙዎቻችን የመጣነው በሠላሳና በአርባ ዓመታችን ነው። አስሉት። በጥቁር የሠራ ሰው በሁለቱም በኩል ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ እንከፍላለን፤ በግልጽ። በግልጽ የከፈለ ሰው ግን «ሌላውስ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እኔም ዛሬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

ስዊድን ግብሯን የቀየረችበት መንገድ ብዙ ያስተምራል። በ1976 የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ከምታገኘው ተጨማሪ ገቢ 102 በመቶ ክፈይ ተባለች። መቶ ክሮነር ብትጨምር መቶ ሁለት ትከፍላለች። ተረት አድርጋ ጋዜጣ ላይ ጻፈችው፤ አገር ተነጋገረበት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር አርባ ዓመት በመንግሥት ላይ የቆዩት ሶሻል ዴሞክራቶች ተሸነፉ። የኑክሌር ኃይል ክርክርም ነበረበት እንጂ የእሷ ተረት ብቻ አልጣላቸውም። ግን ነገሩ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀረ።

በ1991 «የምዕተ ዓመቱ የግብር ማሻሻያ» የሚባለው መጣ። የደመወዝ ግብር ጣሪያው ወደ ሃምሳ በመቶ አካባቢ ወረደ። ከአክሲዮንና ከወለድ የሚገኝ ገቢ አንድ ወጥ 30 በመቶ ሆነ። ብዙ ማምለጫ ቀዳዳም ተደፈነ። ያንን ማሻሻያ እኔ በጎ ነበር እላለሁ።

የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የውርስ ግብር ከ2005 ጀምሮ ተሰረዘ። በእስያው ሱናሚ ሰው ለሞተባቸው ቤተሰቦች ሲባልም ወደ ኋላ ሄዶ ከዲሴምበር 17 ቀን 2004 እንዲቆጠር ተደረገ፤ ያን ማድረጋቸው ሰብዓዊነት ነው። በ2007 የሀብት ግብር ቀረ። በ2008 የመኖሪያ ቤት የመንግሥት ግብር ጣሪያ ባለው አነስተኛ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ተተካ። ሦስቱም በአራት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። የእህታችን 9,426 ግን እዚያው አለ።

ይህ የስዊድን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1990 የበለጸጉ አገሮች ማኅበር ከሆነው ከኦኢሲዲ አባላት አሥራ ሁለቱ የተጣራ ሀብት ላይ ግብር ነበራቸው። በ2017 የቀሩት አራት ናቸው፤ ፈረንሳይ፣ ኖርዌይ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ። ፈረንሳይም በ2018 ቤትና መሬት ላይ ብቻ ወስና አጠበበችው።

«ሀብታም ላይ ብትጭኑበት ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ሐሰት አይሉም። የቤት ዕቃ ሻጩ የኢኬያ መሥራች ኢንግቫር ካምፕራድ በ1973 ከስዊድን ወጥቶ የተመለሰው በ2014 ነው። ኖርዌይ በ2022 የሀብት ግብሯን ከፍ ስታደርግ ከባለጸጎቿ ጥቂት የማይባሉት ስዊዘርላንድ ገቡ። ኖርዌይ ግን ግብሩን አልተወችውም። ይልቁንም ሀብት ይዞ ለሚወጣ ሰው የመውጫውን ሕግ አጠበቀችው።

እኔን ብትጠይቁኝ ለስዊድን የሚሻለው የውርስ ግብር ነው፤ ትልልቅ ውርስ ላይ ብቻ የሚያርፍ። የአባቱን ቪላና አክሲዮን የወረሰ ሰው አንድ ወለል አልወለወለም። ዴንማርክና ፊንላንድ ዛሬም ከውርስ ግብር ይሰበስባሉ፤ አገራቸው አልፈረሰም። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ከጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ትንሽ ቢያቀልላት ምናለበት?

ይህን የሚወስነው ፓርላማው ነው፤ እሱን ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል። ግን ከስድስት ሺው ውስጥ ዋናው ድርሻ የሚሄደው ለኮሙናችሁ፣ ማለትም ለማዘጋጃ ቤታችሁ፣ እና ለሬጂዮናችሁ፣ ማለትም ለክልላችሁ ነው። መጠኑን የሚቆርጡትም የእነሱ ምክር ቤቶች ናቸው። ለእነዚህ ምክር ቤቶች ዜግነት የሌለውም ሰው ሦስት ዓመት እዚህ ተመዝግቦ ከኖረ ይመርጣል። ስንቶቻችን ነን ይህን ሳናውቅ የመምረጫ ካርዱን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር የጣልነው! ምርጫው ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ነው። ካርዱ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። አትጣሉት። ሊያናግሯችሁ የሚመጡትንም «የውርስ ግብር ላይ ፓርቲያችሁ ምን ይላል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቋቸው።

ቡናው እየተቆላ ነው፤ ሽታው እዚህ ደርሷል። እስኪፈላ ድረስ እኔ በመስኮቱ በኩል ያለችው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። የደመወዝ ወረቀት የያዘ፣ ስልኩም ላይ ቢሆን፣ ይምጣና ታችኛዋን መስመር አብረን እንፈልጋት።