ግማሽ ኪሎ መኖ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

ስለ ዓመቱ ሥራ እንድናገር ሩብ ሰዓት ተሰጥቶኛል። የኩሬ ጥገናውም የመረብ ግዢውም በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ተጽፏል፤ እሱን እየደገምኩ ጊዜያችሁን አልወስድም። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ የዓሣ ጫጩቶቻችንን በመጀመሪያው ወር ስለምናበላው መኖ።

ገና በበሩ ስገባ ሦስት ሰዎች ያንኑ ቅሬታ ነግረውኛል። በአንድ ቀን ኩሬ የገባው ጫጩት ግማሹ መዳፍ አክሎ ግማሹ ጣት አክሎ ቀረ፤ ዘሩ ተበላሽቷል፤ ጫጩት የሚሸጡልን አባዢዎች አታለሉን። ይህን እኔም ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳሁም።

ማኅበሩ ሲመሠረት የነበራችሁ ያን ዓመት ታስታውሳላችሁ። ሁለት ሺህ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት አስገብቼ፣ በሰባተኛው ወር መረቡ የቀጨጨ ዓሣ ይዞ ሲወጣ አጠገቤ የቆማችሁ ሁሉ ምን እንደምትሉ ጠፍቷችሁ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። በማግሥቱ ጫጩቱን ወደሸጠልኝ ማባዣ ሄጄ ጮህኩ። ሥራውን የምትመራው ሴት ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። "በመጀመሪያው ወር ምን አበሏቸው?"

ለትልልቆቹ የገዛሁትን መኖ እየወቀጥኩ እንደሰጠኋቸው፣ ሲያልቅብኝም ፉርሽካ እንደበተንኩላቸው ነገርኳት። ትንንሾች ናቸው፣ ምን ያህል ይበላሉ ብዬ። አልተከራከረችኝም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ለሁለት ገንዳ እኩል ከፈለች። የአንደኛው ገንዳ ጫጩቶች በወንፊት የተነፋ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ዱቄት በቀን ስምንት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይሰጣቸዋል። ለሁለተኛው ደግሞ እኔ የሰጠሁትን፣ እኔ በሰጠሁት ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ። "ከወር በኋላ ተመልሰው ይዩ" አለችኝ።

ተመለስኩ። የመጀመሪያው ገንዳ ጫጩቶች ጥላዬን ሲያዩ ተግተልትለው መጡ፤ በአንድ ቅርጽ የተቀረጹ ይመስላሉ፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ከሁለተኛው ገንዳ በጭልፋ ቀዳችና እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ራሳቸው ትልቅ፣ ሆዳቸው የተጣበቀ፣ ጅራታቸው የሳሳ። ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱ ብቻ ረዘም ብለዋል። ቁጠራቸው አለችኝ፤ ቆጠርኩ። ከገቡት ግማሽ አይሞሉም። ያን ዕለት በእጄ መዳፍ ላይ ያየሁት የራሴን ኩሬ ነበር። አባዢዋን ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዘር ከማማረሬ በፊት ስለ ወንፊት እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲፈለፈል ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ሆዱ ሥር የተንጠለጠለው አስኳል ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል። ስንቁ ሲያልቅ ከአፉ የሚገባ ነገር ማግኘት አለበት፤ ከአፉ የሚበልጥ ቅንጣት ደግሞ ለእሱ ድንጋይ ማለት ነው። ከተወሰነ ጊዜ በላይ የተራበ ጫጩት በኋላ በምግብ ቢከበብ እንኳ ለመብላት አቅም ያጣል። ኖርዌያዊው የባሕር ሳይንቲስት ዮሃን ዮርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 የባሕር ዓሣ ምርት ከዓመት ዓመት ለምን እንደሚዋዥቅ ሲመረምር ጣቱን ከቀሰረባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ወቅት ነበር። ሳይንቲስቶች ስለ ባሕሩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ስለ ገንዳ ግን እኛ የምንከራከርበት ምክንያት የለንም፣ በየዓመቱ እያየነው ነውና።

ያደገ ዓሣ ጥቂት ቀን መኖ ቢጓደልበት፣ መኖው ሲመለስለት ፈጥኖ በማደግ የጎደለውን ብዙውን ያካክሳል። ጫጩት ግን ረሃብን ያን ያህል አይችልም። መመገብ ሲጀምር አንድ መቶኛ ግራም ገደማ የሚመዝን የቆሮሶ ጫጩት በደንብ ከተያዘ በአራትና አምስት ሳምንት ውስጥ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሥጋ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ለዚህም ነው የጫጩት መኖ ከ40 በመቶ በላይ ፕሮቲን እንዲኖረው የሚፈለገው፤ ለሚደልብ ቆሮሶ ግን ሠላሳ በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ጥሩ መኖም ቢሆን ከሚበቃቸው በታች ሲበተን ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ይበላል፣ የበላው ይፈረጥማል፣ የፈረጠመው በማግሥቱ የወንድሙን ድርሻ ይነጥቃል። መረባችን ውስጥ የምናየው መዳፍና ጣት የሚጀምረው ከዚህ ነው። አምባዛ ላይ ነገሩ ይከፋል፤ የፈረጠመው ወንድሙን ራሱን ይበላዋል።

አሁን እባካችሁ ከእኔ ጋር አስሉ። አንድ ሺህ የቆሮሶ ጫጩት መመገብ ሲጀምር ሁሉም ተደምሮ የሚመዝነው አሥር ግራም ነው። በቀን የክብደቱን አንድ አምስተኛ ብንሰጠው ሁለት ግራም መኖ ይሆናል። ሁለት ግራም! ወሩን ሙሉ አበልተን እያንዳንዱን እስከ አራት አሥረኛ ግራም ብናደርሰው ሺሁ የሚበላው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ያው አንድ ሺህ ዓሣ ሦስት መቶ ሦስት መቶ ግራም እስኪመዝን ግን አራት መቶ ኀምሳ ኪሎ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ቆጠብን ስንል የቆጠብነው ከየትኛው ላይ ነው? ከአራት መቶ ኀምሳው ኪሎ ላይ አንድ ጭብጥ አልቀነስንም። የነጠቅነው ግማሽ ኪሎውን ነው፤ ገና አፉን መክፈት ከተማረው ላይ! ከዚያም የቀጨጨውን ዓሣ ሰባት ወር እየቀለብን፣ ከወጪያችን ከግማሽ በላይ የሆነውን መኖ ላያድግ በተፈረደበት አካል ላይ እናፈሳለን!

ስለ መኖ ሻጮችም አልፈራም፣ እናገራለሁ። ጆንያው ላይ 40 በመቶ ፕሮቲን ተብሎ የተጻፈበትን መኖ ወደ ላቦራቶሪ ልኬ ነበር። ሠላሳ እንኳ አልሞላም። አቅራቢውን ስጠይቀው ሌላ ገዢ ቅሬታ አላቀረበም አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላቀረብንም! ዓሣችን ሲቀጭጭ አባዢውን እንከሳለን፣ ውሃውን እንከሳለን፣ ጆንያውን ግን መዝኖ የሚጠይቅ ከመካከላችን ጠፋ። የአርቢውን የአንድ ዓመት ድካም በሐሰት ጽሑፍ የሚሸጥ ሰው ከእኛ ገንዘብ መቀበል የለበትም። ይህን ለመናገር ሌላ ጉባኤ አልጠብቅም።

የቀሩትን ባጭሩ። አብዛኛው ዓሣ ቫይታሚን ሲን በገዛ አካሉ ሊሠራ አይችልም፤ ሙቀትና ረጅም ክምችት ደግሞ ከመኖው ውስጥ ያጠፉታል። አከርካሪው የተጣመመ ጫጩት ስታዩ ከዘሩ በፊት የጆንያውን ዕድሜ ተመልከቱ። ጥሬ አኩሪ አተር ፈጭታችሁ አትስጡ፤ ካልተቆላ ወይም ካልተቀቀለ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው። የሻገተውን ጣሉት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የትራውት ማርቢያዎች ዓሣውን የጉበት ካንሰር የፈጀው በጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ውስጥ በነበረ የሻጋታ መርዝ፣ በአፍላቶክሲን ነበር። ውሃው በቀዘቀዘ ቀን መኖ ቀንሱ፤ ዓሣው አይበላውም፣ ኩሬው ግን ይበላሽበታል።

ለድምፅ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ወር መኖ እያንዳንዳችን በየፊናችን መግዛታችን ይቅር፤ ማኅበሩ በጋራ ይግዛልን። ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ውጤቱ ሳይመጣ ክፍያ አይፈጸም። የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት ጆንያ መጋዘናችን አይግባ። ወንፊቱን እኔ እገዛለሁ፤ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ።

የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።